ስምንት ዓመት የቆየ ለቅሶ

በ1931 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ግድም ሲቀረው፣ ደብረ ማርቆስ የሰፈረው የጣሊያን ጦር ግምጃ ቤት ኃላፊ አይናዲስን አስጠርቶ አራት ነጭ አንሶላ አሸከማት።

«እነዚህን አንድ አድርጊልኝ» አላት። «ስፌቱ ግን መሀል ላይ እንዳይመጣ።»

ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከአዲስ አበባ ከስንቅ መኪኖቹ ጋር በደጀን በኩል ሲኒማ መምጣቱን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእህል መጋዘኑ ውስጥ ለወታደሩ እንደሚታይ ነገራት። የሚታየው የጌታ ሕማምና ስቅለት ነው። «መሀሉን ከሰፋሽው ስፌቱ የጌታ አፍንጫ ላይ ያርፋል» ብሎ ሳቀ።

አይናዲስ አልሳቀችም። አንሶላዎቹን ቤቷ ወስዳ አንዱን ሳትነካ መሀል አደረገችው፤ ሦስቱን እየቀደደች ዙሪያውን ቀጠለችበት። ሁለት ቀን ፈጀባት። ሥራው ሲያልቅ መሬት ላይ ዘርግታ ዞረችው። ከቤቷ ወለል ይሰፋ ስለነበር ጠርዙ ግድግዳው ላይ ወጣ።

ቤቷ ከጦር ሰፈሩ አጥር ማዶ ያለች አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖርባት። ሦስት ዓመት ሙሉ የወታደር ሱሪ ስትጠግን፣ ቁልፍ ስትተክል፣ አንሶላ ስትዘመዝም ኖራ ከከተማው ሰው ደጇን የረገጠ አልነበረም። ገበያ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ይሏታል። ከዞረች በኋላ ሌላም ይሏታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አይናዲስ የዚያው አገር ልጅ ነበረች። የተወለደችው ይጁቤ አጠገብ ነው። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞተች። አባቷ አስማማው በበቅሎ እየጫነ እስከ ምጽዋ የሚወርድ ነጋዴ ነበርና፣ ልጅቷን የሚተውላት ሰው ቢያጣ ሰባት ዓመት ሲሞላት በጭነቱ መሀል አስቀምጦ ይዟት ሄደ። ከረን ሲደርሱ ንዳድ ያዘው። በስድስተኛው ቀን ሞተ። አብረውት የነበሩት ነጋዴዎች ቀበሩት፤ ልጅቷን እዚያው አቅራቢያ ለሚኖሩ የካቶሊክ ደናግል ሰጧትና «ስንመለስ እንወስድሻለን» ብለዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልተመለሱም፤ ወይም በሌላ መንገድ ተመልሰዋል።

ደናግሉ ክፉዎች አልነበሩም። አበሏት፣ አለበሷት፣ ጣሊያንኛና ስፌት አስተማሯት። በእነሱ ሥርዓት አጥምቀው አሱንታ አሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ፍሥሐ ለሚባል አናጢ ዳሯት፤ ሴት ልጅም ወለደች። ልጅቷ በክርስትና ስሟ ሉቺያ ተባለች። እናቷ ግን ከልጅነቷ በቀራት አማርኛ «ማሬ» አለቻት። ልጆቹ ሁሉ ማድሬ የሚሏት የደናግሉ አለቃ ይህ ስም ያስቃት ነበር፤ «ማሬ» በጣሊያንኛ ባሕር ማለት ነውና። «ምነው አሱንታ፣ ከረን ላይ ቁጭ ብለሽ ልጅሽን ባሕር ትያታለሽ?» ትላት ነበር።

ፍሥሐ ወታደርነት ተቀጥሮ ትሪፖሊ ሄደና እዚያው ቀረ። ማሬ ሦስት ዓመት ሲሆናት ኩፍኝ ያዛት። በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ጭን ላይ ሞተች። አይናዲስ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት የማድሬ እጅ ከአፏ ላይ አረፈ። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

«ዝም በይ» አለቻት ማድሬ። «ልጅሽ መልአክ ሆናለች። እመቤታችን ከመስቀሉ ሥር አልወደቀችም፤ አልጮኸችም። ቆማ ነበር። አንቺ ከሷ ትበልጫለሽ?»

አይናዲስ ዝም አለች። በቀብሩም ዝም አለች፤ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ሲዘምሩ ቆማ ሰማች። ሰው ሁሉ ጽናቷን አደነቀ።

ከዚያ በኋላ እምነቷን መቼ እንደተወች እሷ ራሷም በውል አታውቅም። መጀመሪያ መቁጠሪያዋን ይዛ ስትቀመጥ ጸሎቱ ከአፏ አልወጣ አለ። «ጸጋ የሞላሽ» ትልና እዚያው ትቆማለች። ያቺ ቆማ የነበረች፣ ያልወደቀች፣ ያልጮኸች ሴት ምን እንደምትላት አታውቅም። ቀጥሎ አንድ እሑድ ቅዳሴ ቀረች። ሌላም ቀረች። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ አንገቷ ላይ የነበረውን የማርያም ምስል አውልቃ መስኮት ላይ አስቀመጠችው፤ ደግማ አላጠለቀችውም። ማድሬ ጠርታ ብትመክራት፣ ብትቆጣት፣ አይናዲስ «እሺ» እያለች ትወጣና አትመጣም ነበር።

በ1928 ጦሩ ወደ ደቡብ ሲዘምት ልብስ የሚሰፉና የሚያጥቡ ሴቶች ይፈለጉ ነበር። አንድ ክፍል ጎጃም እንደሚሄድ ሰማች። ጎጃም የሚለውን ስም ስትሰማ የአባቷ ድምፅ ትዝ አላት። ተመዘገበች።

ደብረ ማርቆስ ከገባች በሦስተኛው ወር ይጁቤ ገበያ ወረደችና የአስማማውን ዘመዶች አጠያየቀች። የአባቷን እኅት አሰገደችን አገኘቻት። አሮጊቷ ጌሾ ፊቷ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። አይናዲስ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል አሮጊቷ እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«የማን ልጅ ነኝ ነው ያልሽው?»

«የአስማማው ነኝ እማማ። ከረን የቀረሁት።»

አሰገደች ፊቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከፊቷ ወደ አንገቷ ወረደች። «ፊትሽስ የወንድሜ ነው» አለች። «ማተብሽ የት አለ?»

አይናዲስ አንገቷን በእጇ ነካች። «የለኝም።»

«ምን ሆኖ?»

ብዙ ነገር ልትመልስ ትችል ነበር። «ፈታሁት» ብቻ አለች።

አሮጊቷ ከጌሾው አንድ እፍኝ አንሥታ በቅጠል ጠቀለለችላት። «እንዲያው እጅሽ ባዶ እንዳይመለስ ነው» አለቻት። «ቤቴ ግን አትምጪ ልጄ። ልጆቼን የሚያገባልኝ አጣለሁ።» አይናዲስ ጌሾውን ይዛ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመለሰች። ጠላ መጥመቅ አታውቅም፤ ለማን ትጠምቃለች?

ደብረ ማርቆስ ላይ አልፎ አልፎ የምታናግራት አንዲት ጎረቤቷ ብቻ ነበረች፤ ወለተ ኪዳን የምትባል፣ እንዝርት ከእጇ የማይለይ መበለት። እሷም ብትሆን ከአጥሯ ወዲህ አትሻገርም ነበር። ምክንያት ነበራት። አንድ ልጇ እንዳላማው ዱር ገብቶ ከአርበኞች ጎን ሲዋጋ ባለፈው ዓመት ሮብ ገበያ አካባቢ ተገድሏል። የጦር ሰፈሩ አዛዥ ደግሞ ለሞተ ሽፍታ ያለቀሰ፣ ተዝካር ያወጣ ቤቱ ይቃጠላል ብሎ አውጇል። ወለተ ኪዳን የልጇን መርዶ የሰማች ዕለት ጥጥ ስትፈትል ዋለች። ማግስቱንም ስትፈትል ዋለች። አይናዲስ ይህን ታውቃለች፤ የእንዝርቱን ድምፅ በአጥሩ በኩል ትሰማው ነበር። ግን አንድም ቀን አንሥታባት አታውቅም። የሟቹን ገዳዮች ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ በምን አፏ ታነሣዋለች?

ከእሑዱ በፊት ባለው ዐርብ ወለተ ኪዳን በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ጨርቁን አንቺ ነሽ አሉ የሰፋሽው» አለቻት።

«አዎ እማማ።»

«ካህናቱ ግዝት ጥለዋል። አንዱ ወታደር ጌታ ነኝ፣ አንዲቷ ሴት ማርያም ነኝ እያሉ የሚጫወቱበት የሰይጣን ጥላ ነው፤ ያየው ሁሉ ውጉዝ ነው ብለዋል። እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

«እኔን ግዝቱ አይነካኝም እማማ» አለች አይናዲስ። «ከማንም አይደለሁም።»

ወለተ ኪዳን እንዝርቷን አሾረች። «ይሄስ ከግዝቱ ይከፋል» ብላ ገባች።

አይናዲስ መጋዘኑ የሄደችው ሥራ ሆኖባት ነው። ፊልሙን ይዞ የመጣው ብሩኖ የሚባል ራሰ በራ ወታደር፣ አንሶላው ቢቀደድ ወዲያው እንድትሰፋው መርፌና ክር ይዛ በሩ አጠገብ እንድትቆም አዘዛት። ዕለቱ የኒቆዲሞስ እሑድ ነበር። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ግን መስኮቱ ሁሉ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ጨለማ ሆኗል፤ የገብስ አቧራ ያፍናል። መኮንኖቹ ወንበር ላይ፣ ተራው ወታደር ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን የተቀጠሩት የኤርትራ ወታደሮች፣ ከኋላ ቆመዋል። የከተማው ሰው ተጋብዞ ነበር፤ ከጥቂት ባንዳዎች በቀር የመጣ የለም። ከሁሉም ፊት ወታደሮቹ ካፔላኖ የሚሉት የጦሩ ቄስ ተቀምጦ ነበር።

ብሩኖ የፊልም ማሳያ መኪናውን እያሰናዳ ወደ አይናዲስ ጠጋ አለ። «ይህን ፊልም በኛ አገር ብዙ ጳጳሳት አውግዘውታል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዳይታይ የተከለከለበት ከተማ አለ። ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ታዪዋለሽ። ካፔላኖው አላየውም፤ እንዳትነግሪው።»

ፊልሙ ድምፅ የለውም። ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቀጥሎ ንግግራቸው በጣሊያንኛ ተጽፎ ይመጣል። ጌታን ሆኖ የሚሠራው ሰው ቆንጆ ነበር፤ ጢሙ የተበጠረ፣ ጥርሱ ነጭ። ሲገርፉት እንኳ ጸጉሩ አልተበተነም። ወታደሮቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ጸጥ ብለዋል። አንዳንዱ አፍንጫውን ይጠርጋል። አይናዲስ አንድ ነገር ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች፤ ፍርሃት ይሁን፣ ጸጸት ይሁን። ምንም አልመጣም። ከሰውየው ፊት ይልቅ ስፌቷን ታይ ነበር። ስፌቷ ጥሩ ነበር።

ማርያም ስትመጣ ግን ዐይኗ ከስፌቱ ተነሣ።

ማርያምን የምትሠራው ሴት ከረን በነበረው ሥዕል ላይ እንደምታውቃት ወጣት አልነበረችም። ዕድሜዋ የገፋ፣ ጉንጯ የጎደጎደ፣ ጣቷ ሥራ ያጠነከረው ሴት ናት። በሕዝቡ መሀል እየተጋፋች ትመጣለች፤ ወታደር ይገፋታል፤ ትመለሳለች። መስቀሉ ሲቆም እሷም ከሥሩ ቆመች። ካፔላኖው ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር።

ከዚያ ሴቲቱ ወደቀች።

እንደ ተዋናይ አልነበረም አወዳደቋ፤ እግር እንደከዳው ሰው ነበር። በጉልበቷ ጭቃው ላይ ወደቀች። የራስ መሸፈኛዋ ወለቀ፤ የተንጨባረረ ሽበቷ ታየ። መሬቱን በጡጫዋ ደበደበችው። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም፤ ግን አፏ እስኪቀደድ ተከፍቷል። አንድ ወታደር በክንዷ ሊያነሣት ሲል እጁን ነከሰችው። ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። አይናዲስ አነበበችው።

«ዓለም ባይድን ይቅር! ልጄን ስጡኝ!»

ካፔላኖው ከወንበሩ ብድግ አለ። ጥላው አንሶላው ላይ ወድቆ መስቀሉን ሸፈነው። «አቁም!» እያለ ጮኸ። «አቁመው! ይህ ክህደት ነው! እመቤታችን ቆማ ነበር! ወንጌሉ ቆማ ነበር ይላል!» ከወታደሮቹ ገሚሱ አጉረመረመ፤ አንዱ ከኋላ «ቁጭ በል፣ እንይበት!» አለ። ብሩኖም ወይ እጁ ተሳስሮበት ወይ ልቡ አልፈቅድ ብሎ መኪናውን ቶሎ አላቆመውም፤ ሴትዮዋ በካፔላኖው ጥላ ውስጥ ሆና መሬቱን መደብደቧን ቀጠለች።

በዚህ መሀል በሩ አጠገብ ድምፅ ተሰማ። አይናዲስ በመጀመሪያ የራሷ ድምፅ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

«ማሬ! ማሬዬ! ማሬ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ክሩ ከእጇ ወድቆ፣ ደረቷን በሁለት እጇ እየደቃች ትጮኻለች። ከወታደሮቹ አንዱ «ባሕር ባሕር ነው የምትለው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «እኔንም ናፍቆኛል በሏት» አለና ጥቂቶች ሳቁ። ካፔላኖው በአንሶላው ፊት እንደቆመ «ይህች ሴት ስለ ባሕር ለምን ትጮኻለች?» አለ። አይናዲስ በሩን ገፍታ ፀሐይ ላይ ወጣች።

ዐይኗ አላይ አላት። ግን እግሯ መንገዱን ያውቀዋል። ስምንት ዓመት የታፈነ ጩኸት ነው፤ አንዴ ከወጣ አልመለስ አለ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጸጉሯን እየነጨች፣ በከተማው መሀል ወረደች። የአገሩ ልማድ ነው፤ ለቅሶ ሲሰማ ማንም ቤቱ አይቀመጥም። ሴቶች ከየደጃፉ ብቅ እያሉ «ማን ሞተ? ማን ሞተብሽ?» አሏት።

«ልጄ!» አለች። «ልጄ ሞተችብኝ!»

መቼ ብሎ የጠየቃት የለም።

ቤቷ ስትደርስ መሬት ላይ ተደፋች። ትንሽ ቆይቶ የአጥሩ እሾህ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ወለተ ኪዳን ነበረች። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሩን ተሻግራ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ መጣች።

«ስሟ ማን ነው ልጅሽ?» አለቻት።

«ማሬ።»

ወለተ ኪዳን ደረቷን አንዴ መታችና ከግቢው መሀል ቆመች። ድምፅዋ መጀመሪያ ሻክሮ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ይመስል። ከዚያ ጠራ።

«ከቤት እንደ ወጣሽ ዱር የቀረሽ ማሬ፣
አላለቀስኩልሽ እኔስ እስከ ዛሬ።»

ከኋላዋ የመጡት ሴቶች ወዲያው ተቀበሏት። ሁሉም ገብቷቸዋል። አይናዲስም ገባት። ማሬ ዱር ገብታ አታውቅም፤ ከረን፣ ሰሌን ላይ ነው የሞተችው። ዱር የቀረው እንዳላማው ነው። አይናዲስ ቀና ብላ ወለተ ኪዳንን አየቻት። ወለተ ኪዳንም አየቻት። ፊቷ ላይ ልመና ነበር። አይናዲስ ራሷን ነቀነቀችና እንደገና «ማሬ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶው ግቢውን ሞላው። ባሏ የተገደለባት መጣች። ወንድሟ ወንዝ ዳር ሳይቀበር የቀረባት መጣች። ሁሉም ማሬ ማሬ እያለች ታለቅሳለች። ለጣሊያን ልብስ ሰፊ ልጅ ይለቀስ ዘንድ የከለከለ አዋጅ የለም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁለት አስካሪዎች መጡ። ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። አንደኛው አስካሪ «ማን ነው የሞተው?» አለ። «ሽፍታ ከሆነ ትእዛዙን ታውቃላችሁ።»

አይናዲስ ተነሥታ በትግርኛ አናገረችው። «ልጄ ናት። ሉቺያ ፍሥሐ ትባላለች። መዝገቧ ከረን አለ፤ ልከህ ጠይቅ።»

የአገሩን ቋንቋ ሲሰማ ሰውየው ደነገጠ። «መቼ ነው የሞተችው እኅቴ?»

«ለኔ ዛሬ ነው የሞተችው።»

አስካሪው ሴቶቹን አየ። ወለተ ኪዳንንም አየ፤ ያውቃታል። አስካሪው ታርቡሽ ቆቡን አውልቆ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ጓደኛውን ይዞ ሄደ።

ሴቶቹ ሦስት ቀን መጡ። ንፍሮ አመጡ፣ ውሃ ቀዱላት፣ ቤቷን ጠረጉላት። በሁለተኛው ቀን አይናዲስ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ስለ ማሬ ልትነግራት ጀመረች፤ ክር የተጠቀለለበትን እንጨት ካልያዘች እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ «ሬ» ማለት አቅቷት ስሟን «ማዬ» እንደምትል። ሴቲቱ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ዐይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። አይናዲስ ገና ሳትጨርስ ሴቲቱ ደረቷን መትታ የራሷን ሙሾ ጀመረች። አይናዲስ ወሬዋን አቋረጠች። አልከፋትም። ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማሬን የሚያውቃት አንድም ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ በደንብ ገባት።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ካፔላኖው ግምጃ ቤቱ ድረስ መጥቶ አጠገቧ ባለ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ የገጠር ልጅ መሆኑ ከእጁ የሚታወቅ ሰው ነበር።

«ስለ ልጅሽ ነገሩኝ» አላት። «አዝናለሁ። ካቶሊክ መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

«ነበርኩ አባ።»

«ከተናዘዝሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ልጄ ከሞተች ጀምሮ።»

«ያ ፊልም ነው የረበሸሽ። ያ ያየሽው ነገር ውሸት ነው፤ ከወንጌሉ ውጭ ነው። ያን ክፍል አስቆርጬዋለሁ። እመቤታችን አልወደቀችም።»

አይናዲስ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እኔን ለስምንት ዓመት ከእርሷ የለየኝ አለመውደቋ ነው አባ» አለች። «ሴትዮዋ ተዋናይ ናት፤ ተከፍሏት እንደወደቀች አውቃለሁ። ቢሆንም ስትወድቅ ሳያት አወቅኋት።»

ካፔላኖው የጨርቁን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። «የኔ እናት» አለ በመጨረሻ፣ «ታናሼ ሲሞት በጓዳ ነው ያለቀሰችው። አባቴ እንዳይሰማት።» ከዚያ የተናገረው ነገር ያሳፈረው ይመስል ተነሣ። «ቅዳሴ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ነው» ብሏት ወጣ። አይናዲስ አልሄደችም። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም።

ብሩኖ በማግስቱ ፊልሙን ጭኖ ወደሌላ ሰፈር ሄደ። ከመሄዱ በፊት አይናዲስ ያን ቦታ አንዴ ብቻ እንዲያሳያት ለመነችው። «የተቆረጠውን ካፔላኖው ወስዶታል» አላት። «ምን እንዳደረገው አላውቅም።»

የለቅሶው ወሬ ካህናቱ ዘንድ ደረሰ። ውጉዙን ፊልም ካየች ሴት ቤት ተቀምጠው ንፍሮ የበሉት ሴቶች ሁሉ ንስሐ እንዲገቡ ተባለ። ወለተ ኪዳን አርባ አርባ ስግደት ለአንድ ሳምንት ተቀበለች። ስግደቷን ስትጨርስ ወደ አጥሩ መጣች።

«እንግዲህ አልሻገርም» አለቻት። «የንስሐ አባቴ ከልክሎኛል።»

«ይገባኛል እማማ።»

«ለእንዳላማው አንቺ ባትኖሪ...» አለችና ቆመች። ስሙን ጮክ ብላ ስትጠራ አይናዲስ ስትሰማ የመጀመሪያው ነበር። ወለተ ኪዳን ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ «ማተብ እሠሪ ልጄ» አለቻት። «የኛም ባይሆን የነሱን። ሰው እንዴት ባዶ አንገቱን ይኖራል?»

«ማን ያስርልኛል?»

ወለተ ኪዳን እንዝርቷን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ሌሎቹም ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኟት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሏታል፤ ከዚያ ያለፈ የለም።

በ1933 መጋቢት ጣሊያኖቹ ከተማውን ለቅቀው ሲወጡ አይናዲስ አብራ አልሄደችም። ጥቂት ሰዎች ቤቷን ሊያቃጥሉባት መጥተው ነበር። ወለተ ኪዳን በሩ ላይ ቁማ «እዚህ ቤት የልጄ ለቅሶ ተቀምጧል፤ በኔ ላይ አቃጥሉት» ስትላቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ወለተ ኪዳን ለእንዳላማው በይፋ ተዝካር አወጣች። ድንኳን ተተከለ፤ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፤ አብረውት የተዋጉት ጎፈሬያቸውን እንዳጎፈሩ መጥተው ፎከሩ። አይናዲስም ተጠርታ መግቢያው አጠገብ ተቀመጠች። የፍየሉን ሥጋ በተለየ ሳህን አቀረቡላት። ወለተ ኪዳን የልጇን ስም እየጠራች ስታለቅስ ዋለች፤ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ። ስለ ማሬ ያነሣ አልነበረም፤ ሊያነሣም የሚገባው ቀን አልነበረም። አይናዲስ ሰው ሳይበተን ተነሥታ ወጣች።

ከክረምቱ በኋላ ጣሊያኖቹ ጥለውት የሄዱትን የስፌት መኪና በአህያ አስጭና ደጀን ወረደች። እዚያ ከዓባይ በረሃ የሚወጡ መኪኖች ያድራሉ፤ የሾፌር ሱሪና የተቀደደ ሸራ የሚሰፋ ሰው ይፈለጋል። መንገዱ ዳር አንድ ክፍል ተከራየችና ሃያ ዓመት ሠራች። ከየት እንደመጣች ጠንቅቆ የሚያውቅ አልነበረም። ልጅ አለሽ ወይ ብለው ለሚጠይቋት «አንዲት ነበረችኝ፤ ሞታለች» ትላቸዋለች። ሾፌሮቹ «ነፍስ ይማር» ብለው ወደ ጉዳያቸው ይመለሳሉ።

በዓመት አንድ ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ መስኮትና በሯን ዘግታ መሬት ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ድምፅ አይሰማም። ጎረቤቶቿ ቤተ ክርስቲያን የሄደች ይመስላቸው ነበር።